ውኃ አዘል መሬቶችና አገር በቀል ዝርያዎች፤ የጥበቃው ሥርዓት በአዊ ዞን ሲታይ

ኢትዮጵያ የበርካታ ታላላቅ ወንዞች መነሻ በመሆኗ የምሥራቅ አፍሪካ የውኃ ማማ እየተባለች ትጠራለች። ይሁን እንጂ ወንዞቹ በበጋ ጭምር ሳይነጥፉ እንዲፈሱ የሚያደርጉት በየተራራው ግርጌ፣ በየሸለቆውና በየወንዙ ዳርቻ የሚገኙት ረግረጎች፣ ጨፌዎችና ምንጮች የወንዞቹን ያህል ትኩረት ሳይሰጣቸው ቆይተዋል። በእነዚሁ ቦታዎችና በዙሪያቸው የሚገኙት አገር በቀል ዕፅዋት፣ አዕዋፍና ዓሦችም ዕጣ ፈንታቸው ከመሬቱ ዕጣ ፈንታ የተለየ አይደለም።

በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ለዚህ ጉዳይ ግልጽ ማሳያ ነው። እንጅባራንና ዳንግላን የመሳሰሉ ከተሞችን የያዘው ይህ ዞን ከፍተኛ ዝናብ የሚያገኝ፣ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች፣ ሰፋፊ ጨፌዎችና የቀርቀሃ ሀብት ያለው ሲሆን፣ በአንጻሩ የሕዝብ ቁጥር ዕድገት፣ የመሬት እጥረትና የመጤ ዛፎች መስፋፋት በግልጽ የሚታዩበት አካባቢም ነው። ይህ ጽሑፍ ሀገሪቱ ውኃ አዘል መሬቶችንና አገር በቀል ዝርያዎችን ለመጠበቅ የዘረጋችውን የሕግና የተቋማት ሥርዓት በአዊ ዞን ካለው ተጨባጭ ሁኔታ ጋር በማገናዘብ ይዳስሳል።

የውኃ አዘል መሬት ምንነትና ጠቀሜታ

ውኃ አዘል መሬት የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ወይም በተወሰነ ወቅት በውኃ የሚሸፈን ወይም በእርጥበት የሚጠግብ መሬት ነው። ረግረግ፣ ጨፌ፣ የሐይቅና የወንዝ ዳርቻ፣ በጎርፍ የሚጥለቀለቅ ሜዳ እንዲሁም ሰው ሠራሽ ግድብና ኩሬ በዚህ ሥር ይመደባሉ። ለዚህ ዓይነቱ መሬት ጥበቃ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥር 25 ቀን 1963 ዓ.ም. ኢራን ውስጥ በምትገኘው የራምሳር ከተማ የተፈረመ በመሆኑ የራምሳር ስምምነት ይባላል። ዕለቱም የዓለም የውኃ አዘል መሬቶች ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል።

በኢትዮጵያ ውኃ አዘል መሬቶች ከሀገሪቱ የቆዳ ስፋት 2 በመቶ ያህሉን እንደሚሸፍኑ ይገመታል። ድርሻቸው አነስተኛ ቢመስልም የሚሰጡት አገልግሎት ከስፋታቸው በእጅጉ ይበልጣል። በክረምት የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብለው ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፤ የያዙትንም ውኃ በበጋ ወራት ቀስ በቀስ ለምንጮችና ለወንዞች ይለቃሉ። ከእርሻ ማሳ ታጥቦ የሚመጣውን ደለል አጣርተው ያስቀራሉ። ለከብት ግጦሽ፣ ለቤት ክዳን ሣር፣ ለበዓላት ቄጠማ፣ ለዕደ ጥበብ የሚሆን ፊላና ደንገል የሚገኘውም ከእነርሱ ነው።

ይህ ሀብት በዓለም ዙሪያ በፍጥነት እየተመናመነ ነው። የራምሳር ስምምነት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሪፖርት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከዓለም የተፈጥሮ ውኃ አዘል መሬቶች 35 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። በሀገራችን የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ መድረቁ የጥፋቱን ክብደት በግልጽ ያሳየ ክስተት ነበር። ለሐረርና ለአካባቢዋ ከተሞች የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው ይህ ሐይቅ የደረቀው ለመስኖና ለመጠጥ ያለ ልክ ውኃ በመቀዳቱና ከዙሪያው በሚገባው ደለል በመሞላቱ ነው። ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለስ ቢጀምርም፣ በመካከሉ ነዋሪዎችና የከተማ አስተዳደሮች የከፈሉት ዋጋ ከባድ ነበር።

የሕግ ማዕቀፍ

በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መሠረቱ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 92 መንግሥትና ዜጎች አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የፌዴራሉ መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በመሆኑም ስለ አንድ ጨፌ የሚሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ በአብዛኛው የሚያርፈው በክልሉ፣ በወረዳውና በቀበሌው እጅ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 98/1986 አጽድቃለች። የኢትዮጵያ የአካባቢ ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ጸድቋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልጋቸው የልማት ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያስከትሉት ተጽዕኖ እንዲጠና ያስገድዳል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 እና የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ አገር በቀል ዝርያዎችን በሚመለከት የወጡ ዋና ዋና ሕጎች ናቸው። ሀገሪቱ በ2002 ዓ.ም. የአፍሪካና የዩሮ-እስያ ተጓዥ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል ሆናለች።

ውኃ አዘል መሬትን በስም ጠቅሰው ከደነገጉት ሕጎች መካከል የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተጠቃሽ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 13 በገጠር ውኃ አዘል መሬቶች የሚገኘው ብዝኃ ሕይወት ተስማሚ በሆነ የመሬት አጠቃቀም ስልት እንዲጠበቅና እንደ አስፈላጊነቱ ጥቅም ላይ እንዲውል ደንግጎ ነበር። አዋጁ ከዚያ ወዲህ በ2016 ዓ.ም. በወጣ አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ ተተክቷል። ያም ሆኖ የ1997ቱ ድንጋጌ ሁለት ቃላትን፣ ማለትም ጥበቃንና ጥቅምን፣ በአንድነት ማስቀመጡ ሊስተዋል የሚገባው ነው። የሕጉ ዓላማ ጨፌውን ከሰው መከልከል ሳይሆን በዕቅድ እንዲጠቀምበት ማድረግ ነበር።

የተቋማት አደረጃጀትና የታየው ክፍተት

በተቋማት ረገድ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ1987 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትነት፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ ኮሚሽንነት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዳግም ወደ ባለሥልጣንነት ተሸጋግሯል። የዘረመል ሀብትን የማሰባሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት መነሻው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ነው። የዱር እንስሳት ጉዳይ ለዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተሰጥቷል። በአማራ ክልል የአካባቢና የደን ጥበቃ፣ የግብርና፣ የመሬትና የውኃ መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው ድርሻ አላቸው። ክልሉ የጣና ሐይቅና ሌሎች የውኃ አካላት ጥበቃና ልማት ኤጀንሲን ማቋቋሙም ይታወሳል።

ከዚህ ዝርዝር መረዳት እንደሚቻለው የሕግም ሆነ የተቋም እጥረት አለ ለማለት አይቻልም። ዋናው ክፍተት ውኃ አዘል መሬት በዘርፎች መካከል የሚገኝ መሆኑ ነው። የውኃ መሥሪያ ቤት የመስኖ ምንጭ አድርጎ ያየዋል፤ የግብርና መሥሪያ ቤት የግጦሽ ወይም የእርሻ መሬት ይለዋል፤ የመሬት መሥሪያ ቤት የወል ይዞታ ብሎ ይመዘግበዋል፤ የከተማ አስተዳደር ደግሞ ለማስፋፊያ የሚሆን ባዶ ቦታ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ሁሉም በሚጋሩት ሀብት ላይ ተጠያቂው አንድ ካልሆነ ውሳኔው ለቅርብ ጊዜ ጥቅም ያደላል። ኢትዮጵያ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ከራምሳር ስምምነት ውጭ መቆየቷም ጉዳዩ ራሱን የቻለ ባለቤት እንዳይኖረው አስተዋጽኦ አድርጓል።

በዚህ ረገድ የጎረቤት አገሮች ተሞክሮ ጠቃሚ ነው። ኡጋንዳ በ1980 ዓ.ም. የራምሳር ስምምነት አባል ከሆነች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1995 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የውኃ አዘል መሬት ፖሊሲ አውጥታለች። በዚያው ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥቷም መንግሥት ውኃ አዘል መሬቶችን ለሕዝቡ በአደራ እንዲይዝ ያዛል። ይህ ማለት በዚያች ሀገር ረግረግ አይታረስም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ረግረግ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ለሚነሳው ጥያቄ በሕግ የተጻፈ መልስ አለ።

የአዊ ዞን የተፈጥሮ ገጽታ

የአዊ ዞን መልክዓ ምድር ከጃዊ ቆላ እስከ ባንጃ ደጋ የተዘረጋ ነው። የዞኑ ርዕሰ ከተማ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዳንግላ በአንጻሩ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ከዚህ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው። የቀሪዎቹ ወራት የውኃ አቅርቦት የሚወሰነው ከክረምቱ ዝናብ ምን ያህሉ በአፈርና በጨፌ ውስጥ እንደቀረ ነው።

ዞኑ የውኃ መክፈያ ቦታም ነው። እንደ ክልቲ ያሉት ወንዞች ወደ ግልገል ዓባይ ገብተው ጣናን ሲመግቡ፣ በስተምዕራብ ያለው ክፍል ውኃ ደግሞ በበለስና በሌሎች ወንዞች አማካይነት በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የዳንግላ ወረዳ ራሱ ከፊሉ በጣና፣ ከፊሉ በበለስ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኝ ነው። በመሆኑም በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚወሰን የመሬት አጠቃቀም ውጤቱ ከወረዳው ወሰን እጅግ ርቆ ይሄዳል።

የዘንገና ሐይቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አቅራቢያ፣ በባንጃ ወረዳ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ የዞኑ ታዋቂ የተፈጥሮ ሀብት ነው። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጎድጓዳ ሥፍራ ላይ የተጠራቀመ ሲሆን የገጽታው ስፋት አነስተኛ ቢሆንም ጥልቀቱ እስከ 166 ሜትር እንደሚደርስ ተመዝግቧል። በጥልቀቱ በሀገሪቱ ከሚታወቁት ሐይቆች መካከል ከሻላ ሐይቅ ቀጥሎ ይጠቀሳል። በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ የሚገኘው የጥርባ ሐይቅም በተመሳሳይ ሁኔታ የተፈጠረ ነው።

የዘንገናን ዙሪያ የሸፈነው ደን በአካባቢው ቀድሞ ሰፊ የነበረው የደጋ ደን ቅሪት ነው። እንዲህ ያለው ደን ለሐይቁ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛ፣ ቁልቁል የሆነውን የጎድጓዳውን ግድግዳ አፈር በሥሩ ይዞ ሐይቁ በደለል እንዳይሞላ ይከላከላል። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ለተመናመኑት አገር በቀል ዛፎች የዘር ምንጭ ሆኖ ያገለግላል። የጎድጓዳ ሐይቅ ውኃ እንደ ወንዝ በየጊዜው የማይታጠብ በመሆኑ አንድ ጊዜ የገባበት ቆሻሻና ደለል በቀላሉ አይወጣም። ልቅ ግጦሽ፣ የማገዶ ቆረጣና የጎብኚዎች ቆሻሻ ለዚህ ዓይነቱ ሐይቅ ከሌላው የበለጠ አስጊ የሚሆኑትም በዚህ ምክንያት ነው። ሐይቁን ለቱሪዝም የማልማት ዕቅድ ሲዘጋጅ ከመንገድና ከማረፊያ ግንባታ በፊት ደኑ መታሰብ አለበት፤ ጎብኚን የሚስበውም ውኃው ከነደኑ ነውና።

የዳንግላ ጨፌዎችና የፈረሱ ባህል

በዳንግላና በአካባቢው በወንዞች ዳርቻ የተንጣለሉት ሜዳዎች በክረምት በውኃ ይጥለቀለቃሉ፤ በበጋ ደግሞ የወል ግጦሽ ይሆናሉ። ሌላው መስክ ደርቆ ሣር በሚጠፋበት ወቅት ለከብቱና ለፈረሱ መኖ የሚገኘው ከእነዚህ ጨፌዎች ነው።

ፈረስ በአገው ሕዝብ ዘንድ ያለው ሥፍራ የታወቀ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ተጋድሎ ፈረስ የነበረውን ድርሻ በመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። የዓለም የውኃ አዘል መሬቶች ቀን የሚውለው ከዚያ በሁለት ቀን ልዩነት ነው። ግጥጥሙ በአጋጣሚ የሆነ ቢሆንም ቁም ነገር አለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች አምረው የሚታዩበት በዓል የሚቀጥለው ፈረሱ የሚግጥበት መስክ እስካለ ድረስ ነው። ጨፌው ሲታረስ ወይም በባሕር ዛፍ ሲሸፈን የሚጠፋው ሣር ብቻ ሳይሆን የሣሩ ባለቤት የሆነው ባህል ጭምር ነው።

በሌላ በኩል በጨፌዎች ላይ ያለው ጫና የሚመነጨው ከእውነተኛ ችግር መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች የሥራ ዕድል ይጠይቃሉ፤ አርሶ አደሩ ድንችና አትክልት በመስኖ ለማምረት እርጥበት ያለው መሬት ይፈልጋል። የወል ጨፌን ቆርሶ መስጠት ለአስተዳደሩ ቀላሉ መፍትሔ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁንና ጨፌው ከተንጣፈፈ በኋላ የመስኖው ውኃ ራሱ የሚቀንስ በመሆኑ መፍትሔው የችግሩ መነሻ ይሆናል።

በዚህ ረገድ በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ የተሠራው ሥራ ትምህርት ይሰጣል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአካባቢው አካላት ጋር በመተባበር ነዋሪዎች ራሳቸው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶችን የውኃ ጥልቀት በየጊዜው እየለኩ እንዲመዘግቡ አድርገዋል። ተመራማሪዎቹ ባሳተሙት ጥናት በነዋሪዎች የተሰበሰበው መረጃ በመደበኛ ጣቢያዎች ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር አስተማማኝ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ወረዳ ስለ ጨፌውና ስለ ከርሰ ምድር ውኃው ለማወቅ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያስፈልገው ነው። የዝናብ መለኪያ፣ የቁመት ሰሌዳ፣ መዝገብና ኃላፊነት የሚሰማው ነዋሪ በቂ መነሻ ናቸው።

አገር በቀል ዝርያዎችና መጤ ዛፎች

የእንጅባራ ከተማ ኮሶ በር በሚል ስምም ትታወቃለች። ስሙ ለመድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረውን የኮሶ ዛፍ ያስታውሳል። ዛሬ መንገደኛው በአካባቢው በብዛት የሚያየው ግን ኮሶን ሳይሆን ባሕር ዛፍንና ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ነው። ሁለቱም መገኛቸው አውስትራሊያ ነው።

የዲከረንስ ጉዳይ ሚዛናዊ አስተያየት ይጠይቃል። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአጎራባቾቹ አርሶ አደሮች አሲዳማ በሆነና ምርቱ በቀነሰ መሬት ላይ ችግኙን ይተክላሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያከስሉና መሬቱን መልሰው ያርሳሉ። ዘዴው ለበርካታ ቤተሰቦች ገቢ አስገኝቷል፤ የወረዳውን የዛፍ ሽፋን ጨምሯል፤ በቀረው የተፈጥሮ ደን ላይ ያለውንም የማገዶ ጫና አቃሏል። በአርሶ አደሩ ተነሳሽነት የተስፋፋ በመሆኑም በአድናቆት ሲጠቀስ ቆይቷል።

ይሁንና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዲከረንስ ላይ የዝገት በሽታ ተከስቶ በርካታ ማሳዎችን አጥቅቷል። ገቢያቸውን በአንድ የዛፍ ዝርያ ላይ የጣሉ ቤተሰቦችም ለጉዳት ተጋልጠዋል። ክስተቱ የሚያስተምረው መጤ ዛፍ በሙሉ ጎጂ ነው የሚለውን ሳይሆን፣ በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ የተመሠረተ ኑሮም ሆነ ደን አስተማማኝ አለመሆኑን ነው። ብዝኃ ሕይወት የሚጠበቀው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ለክፉ ቀን መጠባበቂያም ጭምር ነው።

ባሕር ዛፍም በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን ከገባ ጀምሮ ለቤት ሥራና ለማገዶ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ችግሩ የሚመጣው በምንጭ አናትና በጨፌ ዳር ሲተከል ነው። በፍጥነት የሚያድግና ብዙ ውኃ የሚጠቀም በመሆኑ ቀድሞውንም የቀነሰውን የምንጭ ውኃ ይሻማል። ስለዚህ ጥያቄው ባሕር ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል ሳይሆን የት ይተከል የሚለው ነው።

በአንጻሩ የደጋ ቀርቀሃ አገር በቀል ዝርያ ሆኖ ለአርሶ አደሩ ገቢም የሚያስገኝ ለመሆኑ አዊ ዞን ምስክር ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ሁለት አገር በቀል የቀርቀሃ ዝርያዎች አንዱ የሆነው የደጋ ቀርቀሃ በባንጃና በአካባቢው በየቤቱ ጓሮ ይለማል። ቤትና አጥር ይሠራበታል፤ ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያና ቅርጫት ሆኖ ለገበያ ይቀርባል። ሥሩ አፈርን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከተቆረጠ በኋላም ከሥሩ መልሶ የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ ለወንዝ ዳርቻና ለተዳፋት መሬት ተስማሚ ነው። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ዶቅማና ኮሶን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎችም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተጠብቀው የቆዩ በመሆናቸው ለችግኝ ጣቢያዎች የዘር ምንጭ መሆን ይችላሉ።

ከአዊ ደጋ እስከ ጣና

በአዊ ዞን የሚደረገው ጥበቃ ውጤት ከሚታይባቸው ቦታዎች ዋነኛው ጣና ሐይቅ ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ ግልገል ዓባይ ሲሆን ከአዊ የሚነሱ ገባሮች ይመግቡታል። በጣና ሐይቅ ላቤዮባርበስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የሚታወቁ፣ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ተመዝግቧል። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ለእንቁላሉ ንጹሕ ጠጠርና የጠራ ውኃ ያስፈልጋል። ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርድ ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው የዓሣው መራቢያ ይበላሻል።

በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በጣና የታየው እንቦጭ የተባለው መጤ ወራሪ አረም የተስፋፋውም ከተፋሰሱ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ንጥረ ነገር ስለተመቸው ጭምር ነው። አረሙን ለማስወገድ በርካታ ሕዝብ በዘመቻ ተንቀሳቅሷል፤ ማሽኖችም ተሰማርተዋል። ሆኖም አረሙን ከሐይቁ ላይ መንቀል ለአረሙ የሚመቸውን ደለል ከላይኛው ተፋሰስ ካልቀነሰ ዘላቂ ውጤት አይሰጥም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት መመዝገቡ ለሐይቁ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያስገኘ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ግን ወንዞቹ የሚነሱባቸውን ደጋማ ወረዳዎችም የሚመለከት ነው።

ከሌሎች አካባቢዎች የሚገኝ ልምድ

በሀገራችን ማኅበረሰቡን የጥበቃው ባለቤት በማድረግ ውጤት የተገኘባቸው ቦታዎች አሉ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የበርጋ ረግረግ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ የሆነችው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትራባበት ቦታ ነው። በዚያ የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪዎች ጋር በመሆን ወፏ በምትራባበት የክረምት ወቅት ከብት ወደ ረግረጉ እንዳይገባ የሚደረግበትን አሠራር አበረታቷል። ስምምነቱ ረግረጉን ለዘለቄታው አልዘጋም፤ ጊዜ ወሰነለት እንጂ።

በኢሉባቦር በሸለቆ ውስጥ የሚገኙ ረግረጎችን አንጣፍፎ በቆሎ መዝራት የቆየ ልማድ ነው። በአካባቢው የተካሄዱ ጥናቶች እንዳመለከቱት የረግረጉ አናት ሳይነካ ሲቀርና ቦዩ በመጠኑ ሲቆፈር መሬቱ ለዓመታት ያገለግላል፤ ሙሉ በሙሉ ሲንጣፈፍ ግን ሣሩም በቆሎውም ይጠፋል። በሰሜን ሸዋ መንዝ ደግሞ የጓሳ ማኅበረሰብ ከጥንት በወረሰው ሥርዓት የጓሳ ሣር የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ጊዜ እየወሰነ ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ መኖሪያ የሆነውን ሥፍራ አቆይቷል። ከሦስቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጥበቃ የሚጸናው ወሰኑ፣ ጊዜውና ተጠያቂው በታወቀበት ቦታ ነው።

ከአስፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

ከላይ የቀረበው ዳሰሳ እንደሚያሳየው የአዊ ዞን ውኃ አዘል መሬቶችና አገር በቀል ዝርያዎች ጥበቃ በዋናነት የሚወሰነው በአዲስ ሕግ መውጣት ሳይሆን ያሉት ሕጎች በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ሥራ ላይ በመዋላቸው ነው። ለዚህም የሚከተሉት ተግባራት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ወረዳ በክልሉ ውስጥ የሚገኙትን ጨፌዎች፣ ረግረጎችና ምንጮች በስም፣ በስፋትና በአገልግሎት ለይቶ መመዝገብ አለበት። ያልተመዘገበ ጨፌ በቀላሉ ባዶ መሬት ይባላል። ምዝገባው ሲከናወን የአካባቢው ሽማግሌዎች በአማርኛም ሆነ በአውኚ ቋንቋ የሚጠሩበትን ስምና የቀድሞ ወሰኑን እንዲያመለክቱ ማድረግ ከኋላ የሚነሳን ክርክር ያስቀራል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የተመዘገበ ጨፌ ተጠሪ የሆነ አንድ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሊሰየም ይገባል። ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች የጨፌውን አጠቃቀም የሚለውጥ ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ይህንኑ መሥሪያ ቤት ማማከር አለባቸው። የግጦሹ፣ የሣር አጨዳውና የውኃ ቀዳው ጊዜም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በሚያወጡት መተዳደሪያ ደንብ ቢወሰን አፈጻጸሙ ይቀላል።

ከዚህ ጋር የችግኝ ጣቢያዎች ዕቅድ ሊፈተሽ ይገባዋል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በመላ ሀገሪቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። የአፈጻጸም ሪፖርት የተተከለውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የትኛው ዝርያ፣ የት እንደተተከለና ምን ያህሉ እንደጸደቀ ቢያሳይ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ የተሻለ መነሻ ይሆናል። ለምንጭ አናትና ለጨፌ ዳር አገር በቀል ዛፎችና ቀርቀሃ፣ ለማገዶና ለከሰል ደግሞ ከውኃ አካላት የራቀ የተወሰነ ቦታ መለየት ሁለቱን ፍላጎቶች ያስታርቃል።

በመጨረሻም በጨፌ ላይ ወይም በአጠገቡ የሚታቀድ ማንኛውም የመስኖ፣ የመንገድ፣ የኢንቨስትመንትና የከተማ ማስፋፊያ ሥራ የአካባቢ ተጽዕኖው ከመጽደቁ በፊት ሊጠና ይገባል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ የአካባቢው ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት በምዝገባውም ሆነ በክትትሉ ሙያዊ ድጋፍ ሊሰጡ ይችላሉ። የዳንገሽታ ነዋሪዎች እንዳሳዩት መረጃ የመሰብሰቡን ሥራ ደግሞ ማኅበረሰቡ መሸከም ይችላል።

ጨፌን ለወጣቶች ማከፋፈል ወይም በዛፍ መሸፈን በአንድ የበጀት ዓመት ሪፖርት ላይ ውጤት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የደረቀ ምንጭ፣ መኖ ያጣ ፈረስና በደለል የተሞላ ሐይቅ ግን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ በወቅቱ ሳይጠቀሱ ከዓመታት በኋላ የሚመጡ ዕዳዎች ናቸው። ዕዳው ከመምጣቱ በፊት በዞኑ ያለው እያንዳንዱ ጨፌ ስም፣ ወሰንና ተጠሪ እንዲኖረው ማድረግ በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ባላቸው ሥልጣንና ሕግ ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ተግባር ነው።